ሊኑክስ ላይ ሞደሜ እንደ ሲዲ እየተከፈተ አልሠራ አለኝ፤ ድራይቨሩን ከየት ላምጣ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ዴል ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ ሚንት 21 ጭኛለሁ። ሁዋዌ ኢ173 ሞደሜን ስሰካው እንደ ሲዲ ይከፈትና ውስጡ የዊንዶውስ ሴትአፕ ብቻ ይታያል። ከጓደኛዬ የተዋስኩት ባለ 4ጂው ኢ3372 ደግሞ መብራቱ ይበራል፣ ግን ሞባይል ብሮድባንድ በሚለው ቦታ ምንም አይመጣም። ሲሙ የኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ስልኬ ላይ ሳስገባው ዳታ ይሠራል። የሊኑክስ ድራይቨራቸውን ከየት ላገኝ እችላለሁ?»

ምላሽ፦

ከየትም አያምጡ። የሁለቱም ሞደሞች ድራይቨር ሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ አለ። ሲዲው ውስጥ ያለውን ሴትአፕ በዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ በሚከፍተው) ለማስነሳት መሞከርም ትርፉ ድካም ነው፤ ፕሮግራሙ ቢከፈት እንኳ ሞደሙን የሚያዘው ከርነሉ እንጂ እሱ አይደለም። ሁለቱ ሞደሞች የአንድ ኩባንያ ሥራ ይሁኑ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ኢ173 ገና ወደ ሞደምነት አልተለወጠም። ኢ3372 ደግሞ ምናልባት አሁንም እየሠራ ነው፣ እርስዎ የሚፈልጉት በተሳሳተ ቦታ ነው። ስለዚህ ለየብቻ እንያቸው።

ከታች ትእዛዞቹን የጻፍኳቸው እንደሚነበቡት ነው፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደላት ይተየባሉ። «ኤልኤስዩኤስቢ» ስል አምስቱን ፊደላት ያለ ክፍተት በትንንሹ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሲዲው። አምራቾቹ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ድራይቨር ፍለጋ እንዳይንከራተት ብለው ሞደሙ ውስጥ ትንሽ ማከማቻ ያስቀምጣሉ። ሞደሙ ሲሰካ «እኔ ሲዲ ነኝ» ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል፤ ዊንዶውስ ሴትአፑን ከዚያ ላይ ይጭናል፣ የተጫነው ድራይቨር ደግሞ ሞደሙን «አሁን ወደ ሥራህ ተመለስ» የሚል መልእክት ይልክለታል። ሊኑክስ ላይ ይህን መልእክት የሚልከው ዩኤስቢ-ሞድስዊች የሚባል ፕሮግራም ነው። እርስዎ ጋ የጎደለው ይህ ነው፤ ወይ ፕሮግራሙ የለም፣ ወይ አለና ሞደሙን አላወቀውም።

ለማረጋገጥ ሞደሙን ሰክተው ተርሚናል ላይ «ኤልኤስዩኤስቢ» ይበሉ። ከሚመጡት መስመሮች አንዱ ላይ 12ዲ1 የሚል ቁጥር ያገኛሉ፤ ይህ የሁዋዌ መለያ ነው። ሞደሙ የዜድቲኢ ቢሆን ኖሮ 19ዲ2 ይል ነበር። ዋናው ግን ከሁለት ነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። 12ዲ1:1446 ካለ ሞደሙ ሲዲ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። 1001፣ 1436 ወይም 1506 ካለ ተለውጧል፤ በቀጥታ ወደ ሲሙና ወደ ኤፒኤኑ (የኦፕሬተሩ የዳታ መግቢያ ስም) ይለፉ። ይህን ቁጥር ሳያዩ ወደ ሌላ ነገር አይሂዱ፤ ሞደሙ ሲዲ ሆኖ ሳለ ኤፒኤን መቀያየር የተዘጋ በር ላይ ቁልፍ መለዋወጥ ነው።

ቁጥሩ 1446 ከሆነ የሚጫኑት አራት የሶፍትዌር ፓኬጆች ናቸው፦ ዩኤስቢ-ሞድስዊች፣ ዩኤስቢ-ሞድስዊች-ዳታ፣ ሞደምማናጀር እና ሞባይል-ብሮድባንድ-ፕሮቫይደር-ኢንፎ። ትእዛዙ «ሱዶ ኤፒቲ ኢንስቶል» ሲሆን የአራቱ ስም በክፍተት ተለይቶ ይከተላል። አንዳንዶቹ ቀድሞ ካሉ «አስቀድሞ ተጭኗል» ብሎ ያልፋቸዋል፣ ጉዳት የለውም። ሁለተኛውን በተለይ አይርሱ፤ ለየትኛው ሞደም የትኛው መልእክት እንደሚላክ የተመዘገበው እዚያ ውስጥ ነው። ያለ እሱ የመጀመሪያው ፓኬጅ መዝገብ እንደሌለው ዘበኛ ማንንም አያውቅም።

«ኢንተርኔት ሳይኖረኝ በምን ላውርድ?» ማለትዎ አይቀርም። በስልክዎ። ሲሙን ወደ ስልኩ ይመልሱ፣ ስልኩን በዳታ ኬብል ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙ፣ ከዚያ ስልኩ ላይ ሆትስፖትና ቴተሪንግ የሚለው ውስጥ ገብተው ዩኤስቢ ቴተሪንግን ያብሩ። ሊኑክስ እንደ ኬብል ኔትወርክ ወዲያው ይቀበለዋል፤ ምንም አይጭኑም። ኬብሉ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ ግን የቴተሪንጉ ምርጫ ፈዞ ይቀራል፣ አይነካም፤ ያኔ ኬብል ይቀይሩ።

ከጫኑ በኋላ ሞደሙን ይንቀሉት፣ አሥር ሰከንድ ያህል ቆይተው መልሰው ይሰኩት፣ ግማሽ ደቂቃ ይታገሱና «ኤልኤስዩኤስቢ»ን ይድገሙ። ቁጥሩ ከተለወጠ ጨርሰዋል። ካልተለወጠ በእጅ ይግፉት፦ «ሱዶ ዩኤስቢ_ሞድስዊች -ቪ 12ዲ1 -ፒ 1446 -ጄ»። እዚህ ሦስት ነገር ያሳስታል። በፓኬጁ ስም ውስጥ ያለው ሰረዝ በትእዛዙ ላይ የታች መስመር ይሆናል። ቪ እና ፒ ትንንሽ ፊደላት ናቸው፣ ጄ ግን ትልቅ። ከቪ ቀጥሎ አምራቹ፣ ከፒ ቀጥሎ ደግሞ እርስዎ «ኤልኤስዩኤስቢ» ላይ ያዩት የሲዲው ቁጥር ይገባል እንጂ እንዲሆን የሚፈልጉት ቁጥር አይደለም።

የሆነውን በዓይን ለማየት ሌላ ተርሚናል ከፍተው «ሱዶ ዲኤምኢኤስጂ -ደብልዩ» ይበሉና (ደብልዩዋ ትንሽ ፊደል ናት) ሞደሙን ይሰኩ። ጤናማ ሲሆን መጀመሪያ ሲዲ-ሮም ተገኘ ይላል፣ ጥቂት ቆይቶ መሣሪያው እንደተነቀለ ይነግርዎታል፣ ወዲያው ደግሞ አዲስ መሣሪያ ተሰካ ይላል። በእጅዎ ሳይነኩት «ተነቀለ» ማለቱ አያስደንግጥዎ፤ መልኩን የሚቀይረው እንደዚያ ነው። ቀጥሎ «ኦፕሽን» የሚባለው ድራይቨር ስም ይመጣና ቲቲዋይዩኤስቢ0፣ ቲቲዋይዩኤስቢ1 እያለ ሁለት ሦስት ፖርት ይዘረዝራል። እነዚህ ፖርቶች ከታዩ ሞደሙ ሞደም ሆኗል። ስህተት -71 ወይም -110 የሚል ከመጣ ግን ጉዳዩ ሶፍትዌር አይደለም፤ ኬብል፣ ፖርት ወይም ኤሌክትሪክ ነው። እሱን ከታች አነሳዋለሁ።

በየቦታው የሚዞር አንድ ምክር አለ፤ ኤቲ ትእዛዝ (ለሞደሙ በቀጥታ የሚላክ መመሪያ) ልኮ ሲዲውን ለዘለቄታው ማጥፋት። ለኢ173 አልመክረውም። ዩኤስቢ-ሞድስዊች በየመሰካቱ ሥራውን በሁለት ሰከንድ ይጨርሳል፤ በዚያኛው መንገድ ግን አንድ አኃዝ ቢሳሳት ሞደሙ የሚያሳያቸው ፖርቶች ሊጠፉና መመለሱ ራሱን የቻለ ሥራ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሲሙ። ሞደምማናጀር (ሞደሙን የሚቆጣጠረው ፕሮግራም) ሞደሙን እንዳገኘው ለማየት «ኤምኤምሲኤልአይ -ኤል» ይበሉ፤ እዚህ ኤሏ ትልቅ ፊደል ናት። የሞደሙን ስምና መጨረሻው ላይ ቁጥር ያሳያል፣ አብዛኛውን ጊዜ 0። ከዚያ «ኤምኤምሲኤልአይ -ኤም 0» ሲሉ ሙሉ ሁኔታው ይዘረዘራል። ሞደሙን ነቅለው በሰኩት ቁጥር ይህ ቁጥር 1፣ 2 እያለ ይጨምራል። ትናንት የሠራው ትእዛዝ ዛሬ «ሞደም አልተገኘም» ቢልዎ ሞደሙ ተበላሽቶ ሳይሆን ቁጥሩ ተቀይሮ ነው።

ከዝርዝሩ ውስጥ የሚያስፈልጉት ጥቂት መስመሮች ናቸው። ሁኔታው «ፌይልድ» ካለና ምክንያቱ «ሲም-ሚሲንግ» ከሆነ ሲሙ በደንብ አልገባም። ኢ173 ትልቁን የሲም መጠን ነው የሚቀበለው፤ ለስልክ የተቆረጠ ትንሽ ሲም ያለ አዳፕተር ወይም በላላ አዳፕተር ከገባ ወርቃማው ክፍል ከሞደሙ ጥርስ ጋር አይገናኝም። «ሎክድ» ካለ ሲሙ ፒን ተደርጎበታል፤ «ኤምኤምሲኤልአይ -አይ 0 --ፒን=» ብለው አራቱን አኃዞች ያስገቡ፣ ወይም ሲሙን ስልክ ላይ አድርገው የፒን ጥያቄውን ያጥፉት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ሲሙ ተዘግቶ የፒዩኬ ቁጥር ይጠይቃል። ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ግን «ሎክ፦ ሲም-ፒን2» የሚለው መስመር ነው። እሱን ይለፉት፤ ፒን2 ለሌላ አገልግሎት የሚውል ስለሆነ ዳታ አይከለክልም።

ኦፕሬተሩ በሚለው ላይ 63601 ማየት አለብዎት። 636 ኢትዮጵያ ናት፣ 01 ኢትዮ ቴሌኮም፤ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሲም ቢሆን 63602 ይል ነበር። የምዝገባው ሁኔታ «ሆም» ከሆነ ኔትወርክ ይዟል። «ሰርቺንግ» እያለ ከቆየ ወይ ሲግናል የለም፣ ወይ ሞደሙ የአካባቢውን ሞገድ አይቀበልም። ኢ173 የ3ጂ ሞደም መሆኑን እዚህ ላይ ያስታውሱ፤ ስልክዎ 4ጂ ስላሳየ እሱም ይይዛል ማለት አይደለም። የራሱ መብራትም ይነግርዎታል፦ አረንጓዴ 2ጂ፣ ሰማያዊ 3ጂ።

ግንኙነቱን መፍጠር ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ኔትወርክ ኮኔክሽንስ የሚለውን ይክፈቱ፣ የመደመር ምልክቷን ይጫኑ፣ ሞባይል ብሮድባንድን ይምረጡ፣ አገር ኢትዮጵያ። ኤፒኤን ላይ ኢቲሲ.ኮም ያስገቡ፣ በላቲን ትንንሽ ፊደላት፣ ነጥቡ ሳይረሳ። ቁጥር ከጠየቀ *99# ነው። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚሉትን ባዶ ይተዉ፤ የሆነ ነገር ሊሞሉባቸው አይሞክሩ። አስቀምጠው ከኔትወርኩ ምልክት ላይ ግንኙነቱን ይምረጡ። የሌላ ኦፕሬተር ሲም ያለው ሰው ኤፒኤኑን ከስልኩ ይቅዳ፦ ሲሙ ስልኩ ላይ ሲሠራ የሞባይል ኔትወርክ ቅንብር ውስጥ አክሰስ ፖይንት ኔምስ የሚለው ቦታ ተጽፎ ያገኘዋል።

ደብልዩቪዳያል ስለሚባለው የድሮ መደወያ ፕሮግራም የሚያወሩ የቆዩ መመሪያዎች ካጋጠሙዎት ይለፏቸው። ኔትወርክማናጀር (ግንኙነቶችን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) በሌለበት ማሽን ላይ ካልሆነ ዛሬ አያስፈልግም፤ ሁለቱ አብረው ሲነሱ ደግሞ አንዱን ፖርት ይሻሙበትና ሁለቱም አይሠሩም።

«ተገናኝቷል» እያለ ድረ ገጽ የማይከፍት ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ይሞክሩ። «ፒንግ 8.8.8.8» ይበሉ። መልስ ከመጣ ኢንተርኔቱ አለ፣ የጠፋው ስም የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ነው። እንደ ኢ173 ያሉ በፒፒፒ (በቆየው የመደወያ ስልት) የሚደውሉ ሞደሞች አንድ የታወቀ አመል አላቸው፤ ግንኙነቱ ሳይጠና 10.11.12.13 እና 10.11.12.14 የሚሉ የዲኤንኤስ አድራሻዎችን ይሰጣሉ። የእውነት አይደሉም፣ ለቦታ ማስያዣ የገቡ ቁጥሮች ናቸው። «ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ ሾው» ብለው ከዲኤንኤስ አጠገብ እነዚህን ካዩ ግንኙነቱን አቋርጠው እንደገና ያገናኙ፤ በሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። የሚደጋገም ከሆነ በግንኙነቱ ቅንብር ውስጥ አይፒቪ4 የሚለው ገጽ ላይ ዘዴውን «አድራሻ ብቻ» ወደሚለው ቀይረው ዲኤንኤስ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ብለው ይጻፉ።

ለ8.8.8.8ም መልስ ካልመጣ ቀሪ ሂሳቡን ይመልከቱ፤ ለዚህ ሲሙን ማውጣት አያስፈልግም። «ኤምኤምሲኤልአይ -ኤም 0 --3ጂፒፒ-ዩኤስኤስዲ-ኢኒሺየት» ብለው፣ የእኩልነት ምልክት አስከትለው፣ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ *804# ይጻፉ። ጥቅሱን አይተዉት፤ ከሌለ ተርሚናሉ ኮከቧን ለራሱ ሥራ ሊተረጉማት ይችላል። ዳታው ተገናኝቶ ሳለ መልስ ካልሰጠ አቋርጠው ይሞክሩ።

አሁን ኢ3372። ይህ ሞደም በሁለት መልክ ተሠርቷል። ኤስ የሚል ፊደል ያለበት እንደ ኢ173 ራሱ በሶፍትዌር የሚደወልበት ነው። ኤች የሚለው ግን ሃይሊንክ ይባላል፤ ውስጡ ትንሽ ራውተር አለ፣ ራሱ ይደውላል፣ ለኮምፒውተሩም እንደ ኬብል ኔትወርክ ካርድ ነው የሚታየው። የእርስዎ ሞባይል ብሮድባንድ ውስጥ አልመጣም ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። «ኤልኤስዩኤስቢ» ላይ 12ዲ1:14ዲሲ ካለ በትክክል ሃይሊንክ ነው፣ ተለውጦም ጨርሷል። 12ዲ1:1ኤፍ01 ካለ ገና ሲዲ ነው፤ ከላይ በጻፍኩት ትእዛዝ 1446 የነበረበት ቦታ 1ኤፍ01 ብለው ይግፉት።

ሃይሊንኩ ሲሠራ የኔትወርክ ምልክቱ ላይ «ዋየርድ» የሚል ግንኙነት ይመጣል፣ ኮምፒውተሩም በ192.168.8 የሚጀምር አድራሻ ያገኛል። ብራውዘር ከፍተው 192.168.8.1 ይጻፉ፤ የሞደሙ ገጽ ይከፈታል። ኤፒኤን፣ ፒንና የኔትወርክ ምርጫ ሁሉ የሚስተካከለው እዚያ እንጂ ሊኑክስ ላይ አይደለም። ሴቲንግስ ውስጥ ዳያል-አፕ፣ ከዚያ ፕሮፋይል ማኔጅመንት፤ አዲስ ፕሮፋይል ፈጥረው ኢቲሲ.ኮምን ያስገቡና ዋና አድርገው ይምረጡት። ከጓደኛ የተዋሱት ስለሆነ የሌላ ኦፕሬተር ፕሮፋይል ተቀምጦበት ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ሲሙ ልክ ያልሆነ ነው ካለዎት ወይም የመክፈቻ ኮድ ከጠየቀ ሞደሙ ለሌላ ኦፕሬተር የተቆለፈ ነው፤ ይህን ሊኑክስም ዊንዶውስም አይፈታውም።

ሃይሊንክ ላይ ሰው ሳያውቅ የዳታ ፓኬጅ የሚያልቅበት ነገር አለ፣ ቆም ብለው ያንብቡት። ኔትወርክማናጀር ከሁለት ግንኙነቶች አንዱን የሚመርጠው በቅድሚያ ቁጥር ነው፤ ኬብል 100፣ ዋይፋይ 600፣ ሞባይል ብሮድባንድ 700፣ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል። ኢ173 ተሰክቶ ዋይፋይ ቢበራ ኮምፒውተሩ በዋይፋዩ ይሄዳል፣ ፓኬጅዎ አይነካም። ሃይሊንኩ ግን ኬብል መስሎ ስለቀረበ ዋይፋይ እያለም ቢሆን ከፊት ይሰለፋል። ቢሮ ዋይፋይ ላይ ያሉ መስሎዎት የሚያዩት ቪዲዮ ሁሉ ከራስዎ ፓኬጅ ይቆረጣል። ሁለተኛው መዘዝ ደግሞ ይህ ነው፦ ሊኑክስ ሞባይል ብሮድባንድን ሲያይ ዳታው የሚከፈልበት መሆኑን ገምቶ አንዳንድ የጀርባ ማውረዶችን ይቆጥባል፤ ኬብልን ግን ያልተገደበ አድርጎ ይወስደዋል።

መፍትሔው የግንኙነቱን ስም ከ«ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን» ላይ አይቶ ሁለት ትእዛዝ መስጠት ነው። «ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን ሞዲፋይ» ብለው ስሙን በጥቅስ ውስጥ ካስከተሉ በኋላ መጀመሪያ «ኮኔክሽን.ሜተርድ የስ»፣ ቀጥሎም በዚያው አጀማመር «አይፒቪ4.ራውት-ሜትሪክ 700»። ከዚያ ሞደሙን ነቅለው ይሰኩ። ሚንት ከፋብሪካው ስናፕ (ፕሮግራሞችን የሚጭንና ራሱ የሚያዘምን ሥርዓት) ስለሌለው ይህ ይበቃዎታል፤ ኡቡንቱ ላይ ያለ ሰው ግን «ሱዶ ስናፕ ሴት ሲስተም ሪፍሬሽ.ሜተርድ=ሆልድ» የሚለውን ይጨምርበት፣ አለበለዚያ የፋየርፎክስ ዝማኔ ብቻውን የዕለት ፓኬጅ ሊጨርስ ይችላል።

ስለ መቆራረጥ፣ ቀደም ብዬ የተውኩት። የዩኤስቢ 2 ፖርት የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር ነው፤ ሲግናል ሲደክም ሞደሙ ለማሰራጨት የሚስበው ኃይል ይጨምራል። ስለዚህ መስኮት አጠገብ ደህና የሚሠራው ሞደም ጓዳ ውስጥ ሲገባ ራሱን ነቅሎ የሚሰካ ይመስላል። ቀጭን ማራዘሚያ ኬብልና የራሱ ኤሌክትሪክ የሌለው ሀብ ነገሩን ያባብሱታል። ሞደሙን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩት፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ባለው፣ ማዘርቦርዱ ላይ በተበየደው ፖርት። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ በሆነ ቤት ውስጥ ግን ማራዘሚያ የግድ ነው፤ ያኔ አንድ ሜትር ያህል የሆነ ወፍራም ኬብል ይፈልጉና ሞደሙን መስኮቱ ጋ ያድርሱት። ለውጡን ለመለካት «ኤምኤምሲኤልአይ -ኤም 0» ላይ ያለውን የሲግናል መቶኛ ቦታ እየቀየሩ ያወዳድሩ።

ኤሌክትሪኩ ደህና ሆኖ ሞደሙ ሥራ ሲፈታ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋተኛው ባትሪ ቆጣቢው ነው። ቲኤልፒ የሚባለውን ባትሪ ቆጣቢ ፕሮግራም የጫኑ ከሆነ ቅንብሩ ውስጥ «ዩኤስቢ_ኦቶሰስፔንድ» የሚለውን 0 አድርገው ላፕቶፑን ሪስታርት ያድርጉ።

በኢ173 ይጀምሩ፤ ፓኬጆቹን ጭነው፣ ነቅለው ሰክተው፣ ቁጥሩ 1446 እንደሆነ ከቀረ የ«ኤልኤስዩኤስቢ»ውን መስመርና ሞደሙ ሲሰካ «ዲኤምኢኤስጂ» ያወጣቸውን የመጨረሻ ሃያ መስመሮች እንዳሉ ገልብጠው እዚሁ ይለጥፉልኝ። የ«ኤምኤምሲኤልአይ»ን ዝርዝር ሲለጥፉ ግን አይኤምኢአይ የሚለውን ባለ 15 አኃዝ ቁጥርና የስልክ ቁጥርዎን መጀመሪያ ያጥፏቸው።